አሥራ አንድ ሜትር ከአርባ

ሰኞ፣ ኤፕሪል 22

ጠዋት የመሬት መለኪያ መሣሪያዬን ባትሪዎች ቻርጅ አደረግኩ። መነፅሩን በጥጥ ጠረግኩ። የፎቶኮፒ ማሽኑ ዛሬም አልተሠራም... ሦስተኛ ሳምንቱ። ከቢሮው በር ላይ ከምትሸጠው ሴትዮ ሁለት ታማሌ፣ በቅጠል የተቀቀለ የበቆሎ ሊጥ፣ ገዝቼ በላሁ፤ አንዱ መሃሉ ጥሬ ነበር።

ኢንጂነር ባልታሳር ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ በሲባጎ የታሰረ ወፍራም ፋይል። ሳንታ ኡርሱላ፣ ሳን ታዴዮ፣ ሳን ፌርሚን። ሦስት መንደር፣ ሦስት አውራጃ። ሦስቱ ወሰኖች አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ ይላል ወረቀቱ። ነጥቡ የት እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ከኔ በፊት የሄደውን ቀያሽ በድንጋይ አባረውታል።

"አንቺ ቋንቋቸውን ትችያለሽ። አንቺን ያምኑሻል" አለኝ።

"እሺ" አልኩ።

ሳንታ ኡርሱላ እንደተወለድኩ ያውቃል። የማያውቀው፣ አባቴ እዚያው ወሰን ላይ እንደተገደለ ነው። በሳን ታዴዮ ሰዎች። ሃያ ሦስት ዓመት ሆነው። መናገር ነበረብኝ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ዘመድ ወይም ጠብ ያለበት ቀያሽ ያንን ወሰን አይነካም።

ታዲያ ለምን "እሺ" አልኩ?

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 23

የሦስቱን መንደር ካርታ ደርቤ መስኮቱ መስታወት ላይ ለጠፍኩ። አንዱን የሣለው ሰው በበቅሎ ነው የሄደው። ሁለተኛው ጨርሶ የሄደ አይመስልም። መስመሮቹ አንድ ቦታ መገናኘት ሲገባቸው ይተላለፋሉ፤ መሃላቸው ትንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ትተው። በእርሳስ ጫፍ ትሸፈናለች።

መሬት ላይ ሲሆን ሦስት ሄክታር የጥድ ጫካ ነው። አራት ሰው ሞቶባታል።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 25

አምስት ሰዓት በአውቶቡስ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ጀርባ ላይ። መሣሪያውን እንደ ሕፃን አቅፌ።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከመሳሟ በፊት ሳጥኑን አየችው።

"በዚህ ነው የምትለኪው?"

"በዚህ ነው።"

"አይዋሽም?"

"እሱ አይችልም።"

"ሰውየው ነው የሚችለው በይኛ።"

ከስታለች። እጇ ግን ያው ነው፣ ሲይዝ ያማል።

ቁጭ ሳልል አጎቴ ኤቫሪስቶ ደረሰ። የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዘንድሮ የመንደሩ የመሬት ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርገው መርጠውታል። በፕላስቲክ ጠርሙስ ሜስካል አረቄ ይዞ።

"ልጃችን መጣች! እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው፣ ዳኛውን ከገዛ ጓዳችን አወጣልን!"

"ዳኛ አይደለሁም አጎቴ። ለኪ ነኝ።"

"ያው ነው። የአባትሽን ደም ነው የምትለኪው። ጠጪ!"

ጠጣሁ። ጉሮሮዬ ተቃጠለ።

ይህ መንደር ነው ያስተማረኝ። ሴቬሪኖ ወሰን ሲጠብቅ የሞተ ጀግና ነው፣ ልጁ የሁላችን ልጅ ናት ብለው። መጽሐፌ፣ ጫማዬ፣ የዩኒቨርሲቲ ቤት ኪራዬ... ሁሉም ከየቤቱ ተዋጥቶ። ዛሬ በመንገዱ ሳልፍ ከየበሩ ብቅ እያሉ ሰላም አሉኝ። ደግ ናቸው። ግን የዘሩትን ለማጨድ ማጭድ የሳሉ መሰሉኝ።

አርብ፣ ኤፕሪል 26

ከሦስቱም መንደር ሰብሳቢዎች ጋር ወሰኑ ላይ ቀጠሮ ነበረን። አጎቴ ቀድሞ። ከሳን ታዴዮ ዶን አቡንዲዮ፤ ቀጭን፣ ነገረኛ፣ ሲናገር አንድ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው። የሳን ፌርሚኑ ዶን ፕላሲዶ ገና አልደረሰም።

"ኢንጂነሯ መጡልን!" አለ አቡንዲዮ። "ይህ መነፅርዎ ወደ ሳንታ ኡርሱላ ሲዞር ይጠራል፣ ወደኛ ሲዞር ይደበዝዛል አሉ። እውነት ነው?"

"ይዩበታ።"

ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ከመነፅሩ ላይ አደረገ። ቆየ።

"ኧረ በስመ አብ! ፕላሲዶ እየመጣ ነው። ሆዱ ቀድሞ ደርሷል፣ እሱ ራሱ ገና ነው።"

ሁሉም ሳቀ፣ ከአጎቴ በቀር። እኔም ሳቅኩ፤ ወዲያው ደግሞ በመሳቄ ተናደድኩ። አባዬ ሲገደል ይህ ሰው ስንት ዓመቱ ነበር? ሠላሳ? ሠላሳ ሁለት? ሳላስበው እጆቹን ማየት ጀመርኩ።

ሦስት "እውነተኛ" የወሰን ድንጋይ አሳዩኝ። የኛዎቹ ኖራ የተቀባ። የሳን ታዴዮዎቹ መስቀል የተቀረጸበት። የሳን ፌርሚኖቹ ደግሞ ክምር ድንጋይ ብቻ።

"ይህስ?" አልኩት ፕላሲዶን።

"እውነቱን ልንገርሽ? ዋናው ጠፋ፣ ሁለቱ ሲተክሉ ዝም ብለን ብናይ ሞኝ መሰልን፤ እኛም ከመርን።"

የአባቴ መስቀል መሃል ላይ ናት፣ ከሦስቱም ድንጋዮች መካከል። የእንጨት ነበረች፣ አሁን በብረት ተክተዋታል። "ለመሬታችን በመሬታችን ላይ ወደቀ" ይላል ጽሑፉ። አጎቴ ባርኔጣውን አወለቀ።

አቡንዲዮም አወለቀ። ይህን አልጠበቅኩም።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 29

ለካሁ። ቅዳሜ፣ እሁድ፣ ዛሬ። ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሦስቱም ሐሰተኛ ናቸው። አንዱም ድንጋይ ከድሮው መዝገብ ጋር አይገጥምም።

ኔትወርክ ካለበት ኮረብታ ላይ ወጥቼ ለኢንጂነር ባልታሳር ደወልኩ።

"መሃሉን ውሰጂ" አለኝ። "ሦስቱን ደምረሽ መሃሉ ላይ ትከይ። ሁሉም ትንሽ ያገኛል፣ ሁሉም ትንሽ ያጣል። አስፈርመሽ ነይ።"

"የመጀመሪያው ድንጋይ የቆመበት ቦታ ቢገኝስ?"

"ተገኘ?"

"አልተገኘም።"

"እንግዲያው መሃሉ።"

ወርጄ አሰላሁት። መሃሉ ከሆነ የአባዬ መስቀል በኛ በኩል ትቀራለች። ብዙ ርቃ፣ በሰላም። ማንም አይነካትም።

ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር?

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 30

መሃል... የምን መሃል?

ሐሙስ፣ ሜይ 2

አባባ ኒካሲዮ መጡ። የመንደሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ዘጠና አልፏቸዋል፣ እሳቸው "ሰማንያ ምናምን" ይላሉ። እማዬ ወፍጮ ቤት መሄዷን ጠብቀው ነው የመጡት። በዱላቸው የመሣሪያውን ሳጥን ነካ ነካ አደረጉ።

"በዚህ ሦስት ቀን ሙሉ ስትደክሚ አየሁሽ። እኔን ብትጠይቂኝ በሩብ ሰዓት ባሳየሁሽ።"

"ምኑን አባባ?"

"ቦታውን ነዋ።"

ከዚያ ነገሩኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ አያታቸው ወደ ወሰኑ ወስደዋቸዋል። የሦስቱም መንደር ሽማግሌዎች ድንጋዩን ሊያድሱ ተሰብስበው ነበር። በዚያ ዘመን ልማዱ ነው፤ ልጅ ይወስዱና ድንጋዩ አጠገብ ይገርፉታል።

"ምን አጥፍተው?"

"ምንም! እንዳልረሳ ነዋ። ወረቀት ይቃጠላል፣ ሽማግሌ ይሞታል፣ የተገረፈ ልጅ ግን ቦታውን አይረሳም። በቀኝ ጎኔ ዋርካ የሚያህል ባሉጥ ዛፍ። አሥራ ሁለት እርምጃ ወደ ቁልቁለቱ። ከድንጋዩ ሥር ከሰል ቀበሩ፤ ከሰል አይበሰብስም። ስባሪ ሸክላም ጨመሩ። ከዚያ ጅራፉ መጣ።" ጀርባቸውን በአውራ ጣታቸው አሳዩኝ፣ አሁን የተገረፉ ይመስል።

"ድንጋዩስ የት ገባ?"

ዱላቸውን ከሳጥኑ ላይ አነሱ።

"ገደል ገባ። በኋላ፣ ጠቡ ሲጀመር። ሳን ታዴዮዎች ጣሉት ሲባል ሰምተሻል አይደል?"

"ሰምቻለሁ።"

"እኛ ነን። ስድስት ጎረምሳ። እኔም ገመድ ይዣለሁ።"

ለምን እስከ ዛሬ ዝም አሉ ብዬ ልጠይቅ ነበር። አልጠየቅኩም። እኔስ?

ቅዳሜ፣ ሜይ 4

ሁለታችን ብቻ ሄድን። አባባ ኒካሲዮ በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ። ባሉጡ ወድቋል፣ ጉቶው ግን አለ፤ በሣር ተሸፍኖ። ከጉቶው ወደ ታች አሥራ ሁለት ቆጠርኩ። ካስማ ተከልኩ፣ ለካሁ።

መዝገቡ ላይ ካሉት ሦስት መስመሮች ሁለቱ እዚያው አካባቢ ያልፋሉ። በአጋጣሚ ሊሆን አይችልም።

ነጥቡ እዚህ ከሆነ ጫካው አብዛኛው የሳን ታዴዮ ነው። መስቀሏም በነሱ በኩል ትወድቃለች። አባዬ የሞተው በሰው መሬት ላይ ነው ማለት ነው። ማን የማን ወሰን ጠባቂ ሊባል?

ካስማውን ነቀልኩት። በእግሬ ቀዳዳውን ደፈንኩ። አባባ ኒካሲዮ ከበቅሎዋ ላይ ሆነው ያዩኛል።

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኔም እንደዚያው ነው ያደረግኩት" አሉኝ። "በየዓመቱ እመጣለሁ፣ አያለሁ፣ ዝም እላለሁ።"

ሰኞ፣ ሜይ 6

ቀኑን ሙሉ ምንም አልሠራሁም። እማዬ ባቄላ ትለቅማለች፣ እኔ አያታለሁ። ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። "ርቦሻል?" አለችኝ።

የሥራችን አንደኛ ትምህርት ይህ ነው። የመጀመሪያው ድንጋይ ጠማማም ቢሆን ከቀጥተኛ ወረቀት ይበልጣል። ቀያሽ ወሰን አይፈጥርም። የነበረውን ይፈልጋል።

ረቡዕ፣ ሜይ 8

ተናገርኩ።

ሦስቱንም ትምህርት ቤቱ ግቢ ሰብስቤ። አባባ ኒካሲዮ ያሉትን፣ ቦታውን፣ እንደሚቆፈር። ከሰል ከተገኘ ነጥቡ እዚያ ነው፤ ካልተገኘ ወደ መሃሉ እንሄዳለን።

ፕላሲዶ "ምሳ ከማን መንደር ነው?" ብሎ ጠየቀ። አቡንዲዮ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየኝ። የሚጠረጥር ይመስላል፤ ለሱ መንደር የሚጠቅም ነገር ከሳንታ ኡርሱላ አፍ ሲወጣ ሰምቶ አያውቅማ።

አጎቴ እጄን ይዞ ከግድግዳው ጀርባ ወሰደኝ።

"የጃጀ ሽማግሌ ነው! ትናንት የበላውን የማያስታውስ!"

"የዛሬ ሰማንያ ዓመቱን ያስታውሳሉ።"

"ያበላሽ እጅ ነው የምትነክሺው? ሴቬሪኖን ሌባ ልታደርጊው ነው? እናትሽ በምን ዓይኗ ቤተ ክርስቲያን ትገባለች?"

"ገና አልተቆፈረም አጎቴ።"

"አይቆፈርም!"

"ሌሎቹ ሁለቱ እሺ ብለዋል።"

ምራቁን ተፋ። በኔ ላይ አይደለም። ግን አጠገቤ።

ሐሙስ፣ ሜይ 9

የአባባ ኒካሲዮን የውሃ ጎማ ቆርጠውታል። ማን እንደቆረጠው "አይታወቅም"። እማዬ ሁለት ባልዲ ተሸክማ ሄደች። ለማን እንደምትወስድ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝ።

ሰኞ፣ ሜይ 13

ቆፈርን። ከየመንደሩ ሁለት ሁለት ሰው፣ አንዱ ሲቆፍር አምስቱ ያዩታል። አባባ ኒካሲዮን በወንበር ተሸክመው አመጧቸው።

ጉልበት ድረስ... ምንም። ወገብ ድረስ... ቀይ አፈር፣ ሥር፣ ጠጠር። ግራና ቀኝ አሰፋን። ምንም። ከሰዓት በኋላ የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጣለና ጉድጓዱ ውሃ ሞላ።

"ዓሣ አታርቡበትም?" አለ አቡንዲዮ። ለመቀለድ ነው። ድምፁ ግን ቀልድ አልነበረውም።

አጎቴ ሲመለስ ሙሉውን መንገድ አፏጨ።

እኔ? መጻፉ ያሳፍረኛል... ቀለል ብሎኝ ነበር። እስከ ቤት ድረስ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 14

ጠዋት አባባ ኒካሲዮ ቤት ሄድኩ። አኩርፈዋል፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል።

"አባባ፣ አሥራ ሁለቱን እርምጃ የቆጠረው ማነው? አያትዎ ናቸው?"

"አያቴማ ጅራፍ ይዞ ቆሟል! እኔ ነኝ የቆጠርኩት። ቁጠር አለኝ፣ ቆጠርኩ።"

የስምንት ዓመት ልጅ እርምጃ! እኔ በራሴ ረጅም እግር ነበር የቆጠርኩት። ሦስት ሜትር ያህል ወርጃለሁ ማለት ነው።

እየሮጥኩ ወደ ጉድጓዱ ተመለስኩ፤ ሊደፍኑት ተሰብስበው ነበር። አጎቴ "አልቋል" አለ። አቡንዲዮ ግን ከቆፋሪው እጅ አካፋውን ተቀብሎ ሦስት ሜትር ወደ ላይ ራሱ መቆፈር ያዘ።

ክንድ ያህል ሲወርድ አፈሩ መልኩን ቀየረ። ጠቆረ። አቡንዲዮ አካፋውን ጥሎ በእጁ ጀመረ። ከሰል። ጭብጥ ጭብጥ የሚያህል፣ ትናንት የተቀበረ የሚመስል። ከሥሩ ስባሪ ሸክላ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር። ከየመንደሩ አንድ አንድ ማሰሮ ሰብረው ኖሯል።

"ከሰል ማንም ይቀብራል" አለ አጎቴ።

ፕላሲዶ ጥቁሩን ስባሪ ይዞ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ለመጀመሪያ ጊዜ አይቀልድም።

"ይህን የሚሠሩት የኛ ሴቶች ነበሩ። የመጨረሻዋ ስትሞት እኔ ልጅ ነበርኩ። አፈሩን ከየት እንደሚያመጡት እንኳ የሚያውቅ የለም። ማን ነው ዛሬ ሠርቶ የሚቀብረው ኤቫሪስቶ?"

አጎቴ ባርኔጣውን አድርጎ ቁልቁል ሄደ።

መሣሪያውን ከጉድጓዱ በላይ አቆምኩ። መስመሩን አወጣሁ። መስቀሏ ጋ ማንንም አልላክኩም፣ ራሴ ፕሪዝሙን፣ ጨረሩን የሚመልሰውን መስታወት፣ ወስጄ ተከልኩ፣ ተመልሼ አየሁ። ከወሰኑ አሥራ አንድ ሜትር ከአርባ ሳንቲ ሜትር። ወደ ሳን ታዴዮ።

መሣሪያውን አጥፌ ወደ ቤት ወረድኩ።

ረቡዕ፣ ሜይ 15

ለእማዬ ነገርኳት። ልብስ እያሰጣች ነበር።

"እማዬ፣ መስቀሏ በነሱ በኩል ናት።"

ቀሚሱን አራገፈች። ሰቀለችው። ሌላ አነሳች።

"አውቃለሁ።"

"ማን ነገረሽ?"

"እሱ ራሱ ነዋ።"

ከዚያ እየሰቀለች ነገረችኝ፣ ዞር ብላ ሳታየኝ። በዚያ ኖቬምበር ታማ ነበር። ሦስት ቀን ትኩሳት። ዝናቡ ሳምንት ሙሉ ስላልቆመ ውሃ የሚያሞቅ ጭራሮ እንኳ በቤት አልነበረም። እኔ ከተማ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት። "በነሱ ጫካ ከቋጥኙ ሥር ደረቅ እንጨት አይቻለሁ፣ አንድ ሸክም ይዤ ቶሎ እመለሳለሁ" ብሎ ወጣ።

"ወሰን ሲጠብቅ አልነበረም?"

"እንጨት ሲለቅም ነበር።"

"ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዴት ዝም አልሽ?"

አሁን ዞረች።

"ወንዶቹ ሬሳውን ይዘው ሲመጡ 'ለመሬታችን ሞተ' አሉ። በሙዚቃ ቀበሩት። ልጁን እናስተምራለን አሉ። ምን ልበል? 'የለም፣ ሊሰርቅ ሄዶ ነው' ልበል? አንቺ ማን ትሆኚ ነበር?"

መሣሪያዬ፣ ዲፕሎማዬ፣ ይህ የምጽፍበት እጅ... ሁሉም በዚያ ቃል ላይ የቆመ።

"አሁን ምን ላድርግ?"

"የለካሽውን ጻፊ" አለችኝና ባዶውን ገንዳ አነሳች።

እሁድ፣ ሜይ 19

የመንደራችን ስብሰባ። ከቅዳሴ በኋላ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ። ያልመጣ ሰው የለም። ከፊት አጎቴ፣ በጎን በኩል እኔ ካርታዬን ይዤ። ሴቶቹ እንደ ልማዱ ከኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፈው።

አስረዳሁ። ማንም አላቋረጠኝም፤ ይህ ከጩኸት ይከፋል። ከዚያ አጎቴ ተነሳ።

"ወረቀቱን ሰማችሁ። እኔ የማውቀው ደም ነው። ሴቬሪኖ በዚያ መሬት ላይ ደሙን አፍስሷል። ደሙን ለሳን ታዴዮ ፈርሜ አልሰጥም!"

አጨበጨቡ። ጮኹ። አባባ ኒካሲዮ ሊናገሩ ሲነሱ "ይቀመጡ!" አሏቸው፤ አንዱ "ከሃዲ!" አለ።

ያኔ ከኋላ የእማዬን ድምፅ ሰማሁ። በስብሰባ ተናግራ አታውቅም። በሕይወቷ።

"ኤቫሪስቶ። የባሌን ስም ከአፍህ አውጣ።"

"እህቴ፣ ቁጭ በይ፣ ይህ..."

"ቁጭ ብዬ ነው የኖርኩት። ሴቬሪኖ ወሰን ሊጠብቅ አልሄደም። እኔ ታምሜ፣ እንጨት ሊያመጣልኝ ሄደ። ከነሱ ጫካ። ነግሮኝ ነው የሄደው። ገድለውታል፣ ስለ እንጨት ሰው አይገደልም፣ እግዜር ይፈርዳል። እናንተ ግን ለእንጨት የሞተን ሰው የመሬት መሐላ አደረጋችሁት። ከሱ በኋላ በሱ ስም ስንት ልጅ ቀበርን? ሁለት። እኔ ዝም ስላልኩ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ዝም አልልም።"

"ውሸታም!" አለ አንዱ። ማን እንደሆነ አየሁት፤ ከሁለቱ ሟቾች የአንዱ አባት ነው። እማዬም አየችው።

"ምነው ውሸት በሆነ ወንድሜ" አለችው። ቀስ ብላ።

ሰውየው ተቀመጠ። ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ።

እጅ ተቆጠረ። ይፈረም የሚሉ ሰባ አንድ፣ አይፈረም የሚሉ ስልሳ አራት። ከኋላ ያሉት ሴቶችም እጃቸውን አወጡ። መቆጠር የለባቸውም ብሎ የተከራከረ ነበር፤ ጸሐፊው ቀድሞ ጽፎታል።

ሰኞ፣ ሜይ 20

ሦስት ሰዎች ሰላም አላሉኝም። የአባባ ኒካሲዮ ጎማ ተቀጥሏል። ማን እንደቀጠለው አይታወቅም።

ቅዳሜ፣ ጁን 1

ተከልነው። የሲሚንቶ ምሰሶ፣ አናቱ ላይ የነሐስ ሰሌዳ፣ ሰሌዳው ላይ ከአንዲት ነጥብ የሚነሱ ሦስት መስመሮች። ከሰሉንና ሸክላውን አባባ ኒካሲዮ በእጃቸው መልሰው ከሥሩ አኖሩት። ሲሚንቶው ሲፈስ ዝም ብለው ያያሉ። ሲጨርሱ "አሁን ልረሳው እችላለሁ" አሉ።

ፈረሙ። ፕላሲዶ አንደኛ፣ ለምሳ እንዲደርስ። አቡንዲዮ። አጎቴ የመጨረሻ፤ ብዕሩ ወረቀቱን ቀደደው። እኔን አላየኝም። ጠዋት ግን ዳገቱን ከእማዬ ጋር አብረው ነው የወጡት፣ ቅርጫቷንም ተሸክሞላታል።

ሰው ሲበተን እማዬ ወደ አቡንዲዮ ሄደች። እኔ የመሣሪያውን እግር እያጠፍኩ ስለነበር እሰማቸዋለሁ።

"የተኮሰውን ታውቀዋለህ?"

አቡንዲዮ ሁለቱንም ዓይኑን ገለጠ።

"አውቀዋለሁ እመት።"

"በሕይወት አለ?"

"አለ።"

"ስሙን እንዳትነግረኝ። አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ንገርልኝ። እንጨቱ ለኔ ነበር በለው። ታምሜ ነበር፣ በርዶኝ ነበር በለው። ሌላ ምንም አትጨምር።"

"እነግረዋለሁ።"

"እንዳለ።"

"እንዳለ።"

ሰኞ፣ ጁን 3

ቢሮ። ፋይሉን ኢንጂነር ባልታሳር ጠረጴዛ ላይ አደረግኩ። "ጎበዝ!" አለ። ሳልቀመጥ ነገርኩት። የአባቴን ስም፣ የሞተበትን፣ መስቀሏን፣ ከወሰኑ ያለውን ርቀት።

የከፈተውን ፋይል መልሶ ዘጋው።

"አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም? ሁሉም ፈርሟል! ማን ጠየቀሽ?"

"ማንም። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ።"

"ፋይሉን ማጽደቅ አልችልም እኮ። ሌላ ሰው ልኬ እንደገና ማስለካት አለብኝ።"

"ይለካ።"

እንደ እውነቱ ከሆነ ፈርቻለሁ። የሚሄደው ሰው ሌላ ቁጥር ቢያመጣስ? እዚያ ሁሉ ሰው ፊት... እማዬ ያንን ሁሉ ተናግራ...

ማክሰኞ፣ ጁን 11

እንደገና ሊለካ የተላከው ቀያሽ አልተመለሰም። በቀን አራት ጊዜ በመስኮት አያለሁ።

አርብ፣ ጁን 14

መጣ። የሱና የኔ ልዩነት ሦስት ሳንቲ ሜትር። ፋይሉ ጸደቀ። ለኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፤ ስድስት ወር ከወሰን ሥራ ታግጃለሁ። መዝገብ ቤት አስገብተውኛል። ደብዳቤውን ሁለቴ አንብቤ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት፣ ከዚያ ሄጄ ሾርባ ጠጣሁ። ጨርሼ ጠጣሁ።

እሁድ፣ ጁን 23

እማዬ ደወለች። ሱቋ ውስጥ ስልክ ካላት ጎረቤት ቤት ሆና፣ እየጮኸች። ስልክ ካልጮኹበት አይሰማም ብላ ታምናለች።

ዛሬ ጠዋት በር ስትከፍት ሁለት የተጫኑ አህዮች። የሚነዳቸው ልጅ እግር፣ የማታውቀው። ደረቅ የጥድ እንጨት፣ በልክ በልኩ የተፈለጠ። ልጁ ምንም ሳይናገር አራግፎ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ በላይኛው መንገድ ተመለሰ። ወደ ሳን ታዴዮ።

"ምን አልሽው?"

"ምን እለዋለሁ? ውሃ ሰጠሁት። ጠጣ።"

"እንጨቱስ?"

"እዚያው ደጅ ነው። ኤቫሪስቶ መጥቶ አየ፣ 'ላቃጥለው ወይስ ገደል ልክተተው?' አለኝ። ተወው አልኩት።"

"ትማግጂዋለሽ?"

ከኋላዋ የዝናብ ድምፅ ይሰማኛል፣ የሱቁ ቆርቆሮ ላይ።

"እንጃ ልጄ። ገና አላወቅኩም። ዝናቡ እንዳይመታው ግን ሸፍኜዋለሁ።"